የተማሪን ንግግር እንዴት እንመዝን? 60 ተማሪ ላለው ክፍል የተዘጋጀ መመሪያ

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ልጅ በንግግር 10 ከ10 ሰጠሁት። ርዕሱ «የደን ጥቅም» ነበር። ልጁ ወጣ፣ ደረቱን ነፋ፣ ለ3 ደቂቃ ያህል ክፍሉን አናጋው። ጭብጨባው ቀለጠ። ሊቀመጥ ሲል ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «እኛ ሰፈር ግን ባሕር ዛፉ ምንጩን አደረቀው ይባላል፤ እሱስ?» አለችው። ልጁ ቀጥ አለ። እኔን አየኝ። ጣሪያውን አየ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ንግግሩን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንደገና ጀመረው።

ማርኩን አልቀነስኩም። ማርክ ሊስቱ ላይ ገብቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን 4 የሰጠሁት ልጅ ደግሞ አለ። ከመንዝ የመጣ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ዝምተኛ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረና ተቀመጠ። በሳምንቱ በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ሁለት ልጆች በኳስ ተጣልተው ሊደባደቡ ሲሉ ድምፁን በመስኮት ሰማሁት። «ቆይ፣ መጀመሪያ አንተ ተናገር። አንተ አታቋርጠው፤ ተራህ ሲደርስ እንሰማሃለን።» ሁለቱንም አስጨረሳቸው። ከዚያ «አንተ የምትለው ኳሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ነው። አንተ የምትለው ደግሞ ተራው የኔ ነበር ነው። ታዲያ በምን ተጣላችሁ? የምታወሩት እኮ ስለተለያየ ነገር ነው» አላቸው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ቾክ እንደያዝኩ አፈርኩ።

ለካ ስመዝን የኖርኩት ድፍረትና ጉሮሮ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ በሞከርኩት፣ ባበላሸሁትና ባስተካከልኩት ላይ ተመሥርቼ ነው። እኔ አማርኛ ነው የማስተምረው። እንግሊዝኛ የምታስተምሩም ብዙውን እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ሆነ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ልጁ ሲናገር አይሰማውም። ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ፊደል መርጦ ይወጣል። ስለዚህ መናገር የሚመዘንበት ቦታ ካለ የእናንተ ክፍል ነው። ተከታታይ ምዘና በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጥቶ እስካሁን አብሮን አለ። ብዙ ጊዜ ግን ትርጉሙ «ተከታታይ የወረቀት ፈተና» ሆኖ ቀርቷል።

1. ምን እንደምትመዝኑ ለዩ

«መናገር» የሚባል አንድ ነገር የለም። ታሪክ ማውራት አንድ ነው። አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ሌላ ነው። ከሰው ጋር ተነጋግሮ መግባባት ሌላ ነው። መሟገትም ሌላ። ተረት ሲያወራ አፍ የሚያስከፍት ልጅ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ሊነግራችሁ ሲሞክር ሊያጠፋችሁ ይችላል።

ለአንድ ሴሚስተር ሁለቱን ብቻ ምረጡ። እኔ በመጀመሪያው ሴሚስተር ማስረዳትና መነጋገር፣ በሁለተኛው መተረክና መሟገት አደርጋለሁ። አራቱንም በአንድ ጊዜ እይዛለሁ ያለ መምህር አንዱንም አይመዝንም። እኔም አንድ ዓመት ሞክሬው ግንቦት ላይ ማርክ ስፈጥር ተገኝቻለሁ።

2. የማይሸመደድ ሥራ ስጡ

ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

«ስለ ንጽሕና ተናገሩ» ብላችሁ ለሳምንት ካሰናበታችኋቸው ታላቅ እህት ትጽፋለች፣ ልጁ ይሸመድዳል፣ እናንተ የእህትየውን ድርሰት ትመዝናላችሁ። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና እንኳን ይህን ያውቃል። የንግግሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። ተፈታኙ ርዕስ ይሰጠውና 1 ደቂቃ ተዘጋጅቶ እስከ 2 ደቂቃ ይናገራል፤ ከዚያ ፈታኙ እየጠየቀ ያወያየዋል። የሸመደደ ሰው እዚያ ጋ ነው የሚታወቀው። ልክ እንደኔው ባለ 10።

ጥሩ ሥራ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ የሚሰማው ሰው የሚፈልገው ነገር መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ አድማጩ መጠየቅ መቻል አለበት። በእጄ ላይ የሠሩልኝን ልንገራችሁ።

ጀርባ ለጀርባ። ሁለት ተማሪ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። አንደኛው ሥዕል የያዘ ወረቀት ይሰጠዋል። መሐል ላይ ጎጆ፣ በስተግራ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሦስት በግ፣ ከላይ ፀሐይ። ከዚህ በላይ አታወሳስቡት። ሌላኛው ባዶ ወረቀትና እርሳስ ይይዛል። ያኛው ይናገራል፣ ይኼኛው ይሥላል፤ ካልገባው ይጠይቃል። ማየት ክልክል ነው። ሲጨርሱ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማድረግ ነው። ክፍሉ በሳቅ ይሞታል፤ ምዘናው ግን ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። አንዴ አንዲት ልጅ «በጎቹ ዛፉ ጋ ናቸው» አለች። ጓደኛዋ ዛፉ ላይ ሳለቻቸው። «ጋ» እና «ሥር» ያላቸውን ልዩነት ከዚያ በኋላ ማስተማር አላስፈለገኝም።

የቤት ሙያ። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ሲሠራ ያየውን ነገር ለማያውቅ ሰው ያስረዳል። በሶ እንዴት ይዘጋጃል? የበግ ጠጉር እንዴት ተፈትሎ ባና ወይም ዝተት ይሆናል? ጠላ ሲጠነሰስ ከድፍድፉ በፊት ምን ይመጣል? የሸዋ ሮቢት ልጅ ስለ ሽንኩርት መደብ ያስረዳ፤ የመንዝ ልጅ ስለ በግ። አድማጩ ከሌላ አካባቢ የመጣ ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። እዚህ ላይ «እንትን» የምትባለው ቃል ራሷን ታጋልጣለች። «እንትኑን ታጥብና እንትኑ ላይ ታሰጣዋለህ፣ ከዚያ እንትን ሲል ታነሳዋለህ።» ልጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ እጁ ያውቀዋል፤ አፉ ግን ገና ነው። የምንፈልገውም ይህንን ማወቅ ነው።

ጉዳይ ማስረዳት። ካርድ ይወጣል። «ሦስት ቀን ቀርተሃል። ለዩኒት ሊደሩ አስረዳ።» ዩኒት ሊደሩን ሌላ ተማሪ ይጫወታል። የእሱ ካርድ ላይ ደግሞ «ወላጅ ሳታመጣ አላስገባህም በል» የሚል አለ። ተናጋሪው ይህን አያውቅም።

ሙግት። ወገኑ በዕጣ ይለያል። አንድ ሕግ አለ፦ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ተቃራኒው ያለውን በራሳችሁ ቃል ድገሙ፤ እሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካላለ መቀጠል የለም። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ ቋንቋው ብቻ አልነበረም ዳኛና ተመልካች የሚያስደምመው። ያኛው ያለውን ይዞ ማፍረሱ ነበር። ያልሰማኸውን አታፈርስም።

ስለ ርዕስ አንድ ማስጠንቀቂያ። «በሕይወቴ የማልረሳው ቀን» የሚለውን ተዉት። በግጭት ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ክፍላችን ውስጥ አሉ። ያ ልጅ የማይረሳው ቀን ማርክ የሚሰጥበት አይደለም። ልጁ ራሱ ከመረጠ ሌላ ነገር ነው።

3. መስፈርቱን በግማሽ ገጽ ጻፉ

ከኢንተርኔት የሚወርዱት መስፈርቶች አሥራ ምናምን መደብ አላቸው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አይሠሩም። እኔ ከ10 ነው የምይዘው፤ በአራት ቦታ ተከፍሎ።

ፍሬ ነገር፣ ከ3፦ አድማጩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ካገኘ 3። አንድ ወሳኝ ነገር ጎድሎ ሲጠየቅ ካሟላ 2። ተጠይቆም ክፍተቱ ካልተሞላ 1።

ቅደም ተከተል፣ ከ2፦ ሳይደናገሩ መከተል ከተቻለ 2። ወደኋላ እየተመለሰ «ረስቼ ነው፣ ከዚያ በፊት...» ካበዛ 1።

ቋንቋ፣ ከ2፦ ቃሉ ትክክለኛና ለሚያናግረው ሰው የሚመጥን ከሆነ 2። አልፎ አልፎ ትርጉም ከተሳሳተ 1።

መስማትና መመለስ፣ ከ3፦ የተጠየቀውን ሰምቶ ያንኑ ከመለሰ፣ ያልገባውን ከጠየቀ 3። ከመለሰ ግን ወደ ሌላ ነገር ከተንሸራተተ 2። እያስደገመ ጥቂት ብቻ ከመለሰ 1።

በየትኛውም ምንም ካልተገኘ 0 ነው። በጀርባ ለጀርባው ሥራ አድማጩም ስለሚጠይቅ ሥዕሉን ቀያይራችሁ ሁለቱም ይናገሩ።

የመጨረሻው መስፈርት 3 የያዘው ሆነ ብዬ ነው። የኛ ክፍል የጎደለው እሱ ነው። ተናጋሪ ሞልቷል፤ የሚመልስ ሰው ነው የጠፋው።

አሁን ደግሞ መስፈርቱ ውስጥ ሆን ብዬ ያላስገባኋቸው። ጮክ ማለት የለም። አድማጩ ከሰማው ይበቃል። የእጅ እንቅስቃሴ የለም። «ዓይን ለዓይን ማየት» የሚባለው ደግሞ በብዙ የውጭ መስፈርቶች ላይ አለ፤ ገልብጠን አምጥተነው ልጆቻችንን ስንቀጣበት ከርመናል። እስቲ አስቡት። ልጁ ቤቱ ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው ተብሎ ነው ያደገው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ። ጠዋት ክፍል ሲገባ አፍጥጦ ካላየኝ 2 ማርክ እቀንሳለሁ ማለት አሳዳጊውን መቅጣት ነው። ከእኩዮቹ ጋር ሲያወራ ዓይኑ አድማጩን ይከተላል፤ ለዚህም ነው ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛው እንዲናገር የማደርገው።

ቋንቋ ላይም ጥንቃቄ። «ሄድኩ» ያለም «ሄድሁ» ያለም ልክ ነው። የመንዙ አነጋገርና የአዲስ አበባው አነጋገር ቢለያዩ ያ ስሕተት አይደለም፤ የአዲስ አበባው ራሱ አንድ አነጋገር ነው። የሚቀነሰው ትርጉም ሲጠፋ ነው። ማጥበቅና ማላላት ጥሩ ምሳሌ ነው። «ዋና» ጠብቆ ሲነገር ሌላ፣ ላልቶ ሲነገር ወንዝ ውስጥ የሚደረገው ነው። «ገና» ላልቶ «ገና አልመጣም» ይሆናል፤ ሲጠብቅ በዓሉ። በአጣዬና በሸዋ ሮቢት በኩል ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች አሉን። አማርኛውን ሲጀምሩ እነዚህን ቢያደበላልቁ አድማጩ ካልተሳሳተ እለፉት። የመመጠን ጉዳይ ግን አታልፉ። ለሽማግሌ እንዲያስረዳ በተሰጠው ሥራ ላይ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ማለት ሲገባው «አንተ» ካለ፣ ያ የቋንቋ ጉድለት ነው፤ የቋንቋውን ማርክ ግማሽ ያጣል።

«እ...» እና «ማለት ነው» እየቆጠረ ማርክ የሚቀንስ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ የራሱን ቆጠርንለት። ተወው።

መስፈርቱን ለተማሪዎቹ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ ደብተራቸው ላይ ይገልብጡት። የተደበቀ መስፈርት ፈተና ሳይሆን ወጥመድ ነው።

4. ሒሳቡን ሥሩ

«60 ተማሪ አለኝ፣ እንዴት ብዬ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ በአንድ ፊት ለፊት እያወጣችሁ 3 ደቂቃ ብትሰጡ፣ ለመውጣትና ለመግባት 1 ደቂቃ ብትጨምሩ፣ 240 ደቂቃ ነው። ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 6 ሙሉ ይበላል። በዚያ ላይ ቀሪዎቹ 59 ልጆች ቁጭ ብለው ያዛጋሉ፤ ወይም ይበሻሸቃሉ።

በአራት አራት ከፋፍሏቸው፤ 15 ቡድን ይሆናል። በአንድ ክፍለ ጊዜ 3 ቡድን ብቻ ስሙ፤ ለአንድ ቡድን 8 ደቂቃ። 24 ደቂቃ ነው። የቀረው መግቢያና ማጠቃለያ ይሁናችሁ። ሌሎቹ በዚያ ሰዓት የጽሑፍ ሥራ ይዘዋል፤ እሱም የሚታረም መሆን አለበት፣ አለበለዚያ አይሠሩትም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብትመድቡ ክፍሉ በ5 ሳምንት ያልቃል። ማንም ሳያውቀው፣ ዕቅዳችሁም ሳይፈርስ።

ቡድኑን ስትመድቡ ጓደኛሞችን አትበትኑ። ብዙ መምህር እኩል ይሁን ብሎ «ጎበዝ ከደካማ» ይቀላቅላል። በንግግር ይህ ጎበዙ እንዲያወራ፣ ሌላው ራሱን እንዲነቀንቅ ማድረጊያ ነው።

5. ቦታውና ሰዓቱ

ሰሌዳው ፊት አይሁን። የክፍሉ የኋላ ጥግ፣ ወይም በረንዳ፣ ወይም ዛፍ ሥር። እናንተ ከጎን ተቀመጡ፤ መሐል አትግቡ።

ሰዓት ምረጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ውርጭ ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ጥርሱ የሚንገጫገጭ ልጅ «አይናገርም» ብላችሁ እንዳትጽፉ። በጋቢ ተጠቅልሎ ያለ ሰው አፉን ማንቀሳቀስ አይፈልግም፤ እኔም አልፈልግም። ከእረፍት በኋላ አድርጉት። ቆላ ላይ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት ይሻላችኋል።

ለማሟሟቂያ ከእንቆቅልሽ የሚሻል ነገር አላገኘሁም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የማይል ልጅ የለም። ያላወቀው «ሀገር ስጠኝ» ሲባል መሸነፉንም እየሳቀ ይቀበላል። 2 ደቂቃ ይበቃል። አፍ ከተከፈተ በኋላ ነው ሥራው የሚሰጠው። ለዝግጅት 1 ደቂቃ ስጡ፤ ቁልፍ ቃል መጻፍ ይችላል፣ ዓረፍተ ነገር ግን አይቻልም።

6. ዝም በሉ

ይህ ለመምህር ከባዱ ነው። ልጁ ሲቆም እኛ እንገባለን። «እሺ... ከዚያስ... በርታ...» ብለን የሱን ዓረፍተ ነገር እኛ እንጨርሰዋለን። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት እንደሚጠብቁ ለካች። በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ «አላውቅም» የሚለውም ቀነሰ። እኔ በልቤ እስከ 5 እቆጥራለሁ። የመጀመሪያ ቀን ላብ አስጠምቆኛል።

ከ5 በኋላም ዝም ካለ ጥያቄውን አቅልላችሁ ድገሙ እንጂ መልሱን አትስጡ። ያን ዕርዳታ መስጠታችሁን ወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ እኔ «ዕ» ብዬ ነው የምጽፈው።

7. እዚያው ጻፉ፣ ከነማስረጃው

ሻይ ቤት ሄጄ እሞላዋለሁ ያለ መምህር የሚሞላው የልጁን ፊት ነው እንጂ ንግግሩን አይደለም። ለአንድ ቡድን አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። አራት ስም፣ አራት ቁጥር፣ ከጎኑ ልጁ ያለው አንድ ነገር። ለምሳሌ፦ «2፣1፣2፣3። ‹ምን ያህል ውሃ?› ሲባል በጣሳ ለክቶ መለሰ። መጥለሉን ረስቶ ተመለሰ።» ወላጅ መጥቶ «ለምን 8 ሆነ?» ቢላችሁ መልሱ እዚያው አለ። ማርኩን ሳይሆን ያቺን አንድ መስመር ነው የምታነቡለት።

በሞባይል መቅዳት ይረዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ከአንድ ክፍል ስድስት ልጅ ይበቃል። ልጁንና ወላጁን አስፈቅዱ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት፤ «ለማሳቅ ነው» ተብሎ የተለቀቀች አንዲት ቅጂ ዓመቱን ሙሉ ልጁን አፉን ትዘጋዋለች። ሥራችሁ ሲያልቅ አጥፉት።

8. ጆሯችሁን ፈትሹ

ስድስቱን ቅጂ ይዛችሁ ከዲፓርትመንቱ አንድ ሰው ጋር ቁጭ በሉ። ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ ማርክ ስጡ፤ ከዚያ አወዳድሩ። 1 ማርክ ቢለያይ ጤና ነው። 2ና ከዚያ በላይ ከተለያየ ቅጂውን መልሳችሁ ስሙ።

እኔ አንዱን ልጅ 8 ስሰጠው ባልደረባዬ 5 ሰጥታው ነበር። ተከራከርን። መልሰን ሰማነው። ልጁ በየመሐሉ ተረትና ምሳሌ ጣል ያደርጋል፤ የተጠየቀውን ግን አንዴም አልመለሰም። ያኔ ነው ራሴን ያወቅሁት፦ ተረት ሲሰማ የሚለሰልስ ጆሮ አለኝ። አሁን ተረት በሰማሁ ቁጥር «ተጠንቀቅ» እላለሁ።

ሌሎችም አሉ። በሒሳብ አንደኛ የሚወጣ ልጅ በንግግርም ጎበዝ ይመስለናል። የመምህር ልጅም እንዲሁ። ከአንድ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ቀጥሎ የሚናገር ደህና ተማሪ ደካማ ይመስላል። ሁልጊዜ ከ«አ» የሚጀምር ሮስተር ደግሞ «አበበ»ን በትኩስ ጆሮ፣ «ዮሐንስ»ን በደከመ ጆሮ ያስመዝናል። ስለዚህ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከመሐል ጀምሩ።

9. የማይናገረው ልጅ

የሚንተባተብ ልጅ ካላችሁ፣ ቆምታው በየትኛውም መስፈርት ላይ አይቆጠርም። ሰዓቱን አርዝሙለት። ቃሉን አትጨርሱለት። ሌሎቹ ቢስቁ ሥራውን አቁሙና ተቆጡ፤ እዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አያስፈልግም። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ጀርባ ለጀርባ የሚለውን ሥራ አይሠራም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ መሐል ላይ መጽሐፍ አቁሙና ሥዕሉን ብቻ ጋርዱ።

ጭራሽ አልናገርም ያለውን 0 ብላችሁ አትለፉት። ደረጃ አድርጉለት። መጀመሪያ ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ እናንተ ራቅ ብላችሁ። ቀጥሎ እናንተ ቀረብ ብላችሁ። ከዚያ በአራት ሰው። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ በሁለት ወር አንድ ቃል አልሰማሁባትም። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ላይ ድምጿን ሰማሁ። ማይክራፎኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም ስለማያያት ነበር። ከዚያ ተነስተን ነው የጀመርነው።

10. ለልጁ ምን ትሉታላችሁ?

«ጎበዝ» አይበቃም። «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ደግሞ ምክር አይደለም። ከ30 ሰከንድ ባልበለጠ፣ አንድ የሠራውንና አንድ ቀጥሎ የሚያደርገውን ንገሩት። «ጓደኛህ ስትጠይቅህ አቁመህ ሰምተሃታል፤ ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ግን ከመጀመርህ በፊት ስንት ደረጃ እንዳለው ቀድመህ ንገረን።» ያቺን ቀጣይ ነገር ቁራጭ ወረቀቱ ላይ ጻፏት።

ተማሪ ተማሪን እንዲመዝን ማድረግ ጠቃሚ ነው፤ ጆሮ ያሠለጥናል። ማርኩ ግን ሮስተር ላይ አይገባም። ከገባ ምዘናው የኩርፊያ መወጫ ይሆናል፤ አይቼዋለሁ።

ድጋሚ ዕድል ስጡ። የፈለገ ሁሉ አንዴ፣ በሌላ ካርድ። የተሻለው ማርክ ይያዝ። «ማርክ ለማሻሻል ብቻ ነው የሚመጡት» የሚሉ አሉ። ይምጡ! እየተናገሩ አይደል የሚያሻሽሉት?

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሁለቱን ሥራ አማካይ ከ10 ያዙና ሮስተሩ ላይ አስገቡ። ቁራጭ ወረቀቶቹን አትጣሏቸው። በየክፍሉ በአንድ ፖስታ አድርጓቸው። የሚቀጥለው ሴሚስተር የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መስመር ያነባል፤ «ስንት ደረጃ እንዳለው ቀድመህ ንገረን» የምትለዋን። ካርዱን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።